ሻንጣ የሚሸጠው ጓደኛዬ

መርካቶ ውስጥ አንድ ዕቃ የፈለገ ነጋዴ ወደ ዕቃው አያይም። ዓይኑን ሌላ ነገር ላይ ጥሎ በሌላ ሰው ያስጠይቃል፤ መፈለጉ ከታወቀበት ሻጩ ይኮራበታል። ይህን ደንብ ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። እዚያው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ በሚባለው በኩል ሻንጣ ይሸጣሉ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጀምሮ የምኖረው ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ጋር ነው። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ስለወጡ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው እትዬ ሻንጣ የጠየቁ ዕለት ነው። ቁርስ ላይ ሻይ እየቀዱ፣ "ዛሬ ስትመለስ አንድ ትልቅ ሻንጣ ይዘህልኝ ና" አሉ።

"ምን ሊያደርግልሽ?" አሉ ጋሼ።

"ደብረ ማርቆስ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ቅዳሜ።"

"ለስንት ቀን?"

"ትልቁን አምጣ ብዬሃለሁ።"

ጋሼ ሻያቸው ላይ አራተኛውን ማንኪያ ስኳር ጨምረው አማሰሉ። ያ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ በሻንጣ ሲተዳደር አንድም ሻንጣ ገብቶበት አያውቅም ነበር።

ወደ ትምህርት ልወጣ ስል እትዬ በር ላይ ያዙኝ።

"ሱቅ የምትመላለስ ሴት አለች?"

"ኧረ የለችም እትዬ። ደንበኛ ካልሆነች በቀር።"

"ደንበኛዋን ነው የምጠይቅህ።"

ፊታቸው የሚቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። ጋሼ ስድስት ወር ያህል ሳሎን ሶፋ ላይ ነበር የሚተኙት። ወገቤን ያመኛል ይላሉ። እኔም አምኜ ለወገብ የሚሆን እንቅስቃሴ ከኢንተርኔት ፈልጌ፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ ሰጥቻቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ስደርስ ጋሼ፣ "እስቲ ዶክተር፣ ወደ ውስጥ ግባ" አሉኝ። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምማረው ሎጂክና ጂኦግራፊ ነው። ፋርማሲ ይደርሰኛል ብዬ ተስፋ ከማድረጌ በቀር ከሕክምና ጋር የሚያገናኘኝ የለም። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። "ሁሉም ከሆነ ነገር ነው የሚጀምረው" ይሉኛል።

ከተደራረቡት ሻንጣዎች ጀርባ ቆምን። ጋሼ የአንዱን ዚፕ እየከፈቱ እየዘጉ፣ "አንድ ጓደኛ አለኝ" አሉ።

"እሺ ጋሼ።"

"ሰውየው ጤነኛ ነው። ይበላል፣ ይሠራል። ግን ከሚስቱ ጋር ሲሆን እንደ ድሮው አልሆን ብሎታል።"

"ወገቡን ያመዋል?" አልኩ።

ትክ ብለው አዩኝ። "ወገቡን አያመውም።"

ያኔ ገባኝ። የማደርገው ስለጠፋኝ እኔም አንድ ዚፕ ያዝኩ።

ጓደኛቸው እስካሁን የሞከረውን ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ፦ በፌስታል የተቋጠረ የሥር ዱቄት፣ ከዓረብ አገር መጣ የተባለ በትናንሽ ከረጢት የታሸገ ማር፣ ካርቶን የሌለው ሰማያዊ ኪኒን። ከኪኒኑ አንዱም አልተነካም። "ይህንን ፈርቶት ነው" አሉ። የጓደኛዎ ዕቃ እርስዎ መሳቢያ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅኩም።

"ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክሊኒክ አለ" አሉኝ። "ሄደህ ምን ምን ዓይነት መድኃኒት እንዳለ አጣራልኝ። ስሜን እንዳታነሳ።"

"የጓደኛዎን ስም ማለትዎ ነው?"

"የእሱንም።"

በማግስቱ ጥያቄዎቼን በተራ ቁጥር ደብተሬ ላይ ጽፌ ሄድኩ። ሽማግሌ ሐኪም ነበር የጠበቅኩት፤ ያገኘኋት ግን ወጣት ሴት ናት። ምን ልርዳህ ስትለኝ፣ "ስለ ስንፈተ ወሲብ የሕክምና አማራጮች ለመጠየቅ ነው" አልኩ፤ ፈተና ላይ እንደሚመልስ ሰው አንድ ቃል ሳላጎድል።

ብዕሯን አስቀምጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አይዞህ። በአንተ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ጭንቀት ነው። ፈተና ደርሷል?"

"ደርሷል። ግን እኔ አይደለሁም፤ ለጓደኛ ነው።"

"ሁሉም ለጓደኛ ነው የሚመጣው።"

"ጓደኛዬ ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው።" ቀና ብላ አየችኝ። እንድታምነኝ ብዬ፣ "ሻንጣ ይሸጣል" ስል ጨመርኩ። ሳቋን መያዝ አልቻለችም።

ከዚያ ጠያቂዋ እሷ ሆነች። "ውሃ ይጠማዋል? ሌሊት ለሽንት ይነሳል?"

"ሦስት ጊዜ ይነሳል።"

"እንዴት አወቅክ?"

"ግድግዳችን ስስ ነው።"

"ሻይ ላይ ስኳር ስንት?"

"አራት ማንኪያ።"

ራሷን ነቀነቀች። "መድኃኒቱስ ሞልቷል" አለችኝ። "የሚዋጥ አለ። የሚዋጠው ላልሠራለት መርፌ አለ፤ አየር እየሳበ ደም የሚያመጣ መሣሪያም አለ። ሁሉም እምቢ ካለ ቀዶ ሕክምና አለ። ግን መጀመሪያ የሚታየው ከምን እንደመጣ ነው። የደም ሥር ነገር ነው፤ ስኳርም ግፊትም አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታወቁት በዚህ ነው።"

እየጻፍኩ ስለ ሰማያዊው ኪኒን ጠየቅኳት።

"ለደረት ሕመም የሚሰጥ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዚያ ጋር ቢውጠው ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ከመንገድ የተገዛ ሲሆን ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም።"

"ማሩስ?"

"ማሩ ውስጥም አንዳንዴ ያው ኪኒን ተፈጭቶ ይገኛል።"

"ታዲያ ለጓደኛዬ የቱን ልውሰድለት?"

"እሱ ሻንጣውን ሳያይ ዚፑን ይጠግናል?"

"አይጠግንም።"

"እኔም አልጠግንም። ባለዕቃው ራሱ ይምጣ።"

ሱቅ ተመልሼ ደብተሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ጋሼ በጥሞና አዳመጡ። ጨርሼ ስዘጋው፣ "ሴት ናት አልክ?" አሉ።

"ሴት ናት።"

"ስንት ይሆናታል?"

"ትልቋን ልጅዎን ታክላለች።"

"በቃ ተወው።"

ተነሥተው ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ አወረዱና አቧራውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። ለእትዬ መሆኑ ነው። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ቅዳሜ ሊደርስ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ ዝም ብል ደግሞ ያ ሻንጣ ተሞልቶ መሄዱ ነው። ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገር ቢከብደኝም፣ "ጋሼ፣ እትዬ ሌላ ሴት ያለችዎት ይመስላቸዋል" አልኩ።

ጨርቁ ቆመ። "ማን አለ?"

"እኔን ጠየቁኝ። ሱቅ የምትመላለስ ሴት አለች ወይ ብለው።"

"እኔ? እኔ ሌላ ሴት? በየትኛው..." አሉና ሳይጨርሱት ሳቅ ጀመሩ። ሻንጣው ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ ግን መሬት መሬቱን እያዩ ቆዩ።

"እኔ እንዳታውቅብኝ ብዬ እሸሻታለሁ" አሉ። "እሷ ደግሞ..." ጨርቁን አጣጥፈው፣ "ነገ ጠዋት ክፍል አለህ?" አሉኝ።

"የለኝም" አልኩ። ጂኦግራፊ ነበረኝ።

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ስንቀመጥ ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ "ልጁን ላሳይ ነው ያመጣሁት" አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት፣ "በዚህ ዕድሜህ? አይዞህ የኔ ልጅ፣ ፀበሉንም አትርሳ" አሉኝ። እሺ እናቴ ብዬ ጎንበስ አልኩ።

ዶክተሯ ስታየን፣ "ሻንጣ የሚሸጡት ጓደኛ እርስዎ ነዎት?" አለች። ጋሼ ወደ እኔ ገልመጥ አሉ፤ ልወጣ ስነሣ ግን እጅጌዬን ያዙኝ። "ይቀመጥ፣ ይጻፍ" ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በራሳቸው አፍ ተናገሩት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የወሰደባቸው።

ጣታቸው ተወግቶ ሲታይ ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተገኘ።

"ስኳሩ ይቆየንና ለዋናው ነገር ስጪኝ" አሉ።

"ዋናው ነገር ስኳሩ ነው ጋሼ። ከዛሬ ጀምሮ ሻይ ያለ ስኳር።"

"ሁለት ማንኪያ ይሁን።"

"ምንም።"

"አንድ።"

"ምንም ጋሼ።"

"ግማሽ። የመጨረሻዬ ነው።"

ሳቀች እንጂ ፍንክች አላለችም። ለስኳሩ መድኃኒት ሰጠቻቸው፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመዱ ነገረቻቸው። ልባቸውን ከመረመረች፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንደሌለም ካጣራች በኋላ ለሌላው ነገር ጥቂት ኪኒን አዘዘች። ከአንድ ሰዓት በፊት የሚወሰድ ነው፤ በከባድ ምግብ ላይ ከሆነ ይዘገያል፤ ፍቅር ከሌለበት ደግሞ ብቻውን አይሠራም። ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ጋሼ ካርቶን የሌለውን ኪኒን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ ትተውት ተነሡ።

"ባለቤትዎ ያውቃሉ?" አለቻቸው በር ላይ።

"አታውቅም።"

"እንግዲህ ካልኩዎት አማራጭ ሁሉ የሚቀድመው ለእሳቸው መንገር ነው።"

ማታ ጋሼ ሻንጣውን እየገፉ ቤት ገቡ። እትዬ ሲያዩት ፊታቸው ወደቀ።

"አመጣኸው" አሉ ቀስ ብለው።

"አመጣሁት። ክፈቺው።"

ውስጡ የክሊኒኩ ወረቀት፣ የመድኃኒት ቤቱ ከረጢትና ከደብተሬ የተቀደዱት ገጾች ነበሩ። እኔ ዳቦ ልግዛ ብዬ ወጣሁ፤ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሰፈሩን ሁለቴ ዞሬ ስመለስ እትዬ መነጽራቸውን አድርገው የእኔን ጽሑፍ ያነባሉ፣ ጋሼ ስኳር የሌለው ሻይ ፊታቸውን አኮማትረው ይጠጣሉ።

"ስድስት ወር ሙሉ" ይላሉ እትዬ፣ "የትኛዋ ናት እያልኩ የዱባይ ተራን ሴት ሁሉ በዓይኔ ስመዝን።"

"እኔን ደግሞ ማን ይፈልገኛል?"

"እኔ ባልፈልግህ እናደድ ነበር?"

ጋሼ ሻዩን እስከ ታች ጨለጡት። እትዬ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተስ፣ አየር የሚስበው ብለህ የጻፍከው ምንድን ነው?" አሉኝ። የማነበው አለኝ ብዬ ወደ ክፍሌ ሸሸሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ ደብረ ማርቆስ የሄደ ሰው አልነበረም። ሁለቱም ሊራመዱ ወጥተዋል። ሶፋው ላይ ትራስም ብርድ ልብስም አጣሁ። ከተራመዱበት ሲመለሱ ትራሱ የት ገባ ብዬ ጠየቅኩ። እትዬ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ መለያ ወረቀቱ እንደተንጠለጠለ የተቀመጠውን ጥቁር ሻንጣ አሳዩኝ።

"ትልቁን አምጣ ያልኩት በከንቱ አይደለም" አሉ።