አንድ ጉንጭ

እህቴ ዳውን ሲንድረም አለባት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ካረፈች ወዲህ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ ባለችው የማንጎ መሸጫችን የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን። እሷ ሰው ሰላም የምትለው ግራ ቀኝ እያገላበጠች ሦስቴ ስማ ነው፤ ሾፌሩንም፣ ረዳቱንም፣ ደሴ የሚሄደውን መንገደኛም።

አንድ ሰሞን ቀኝ ጉንጯን ብቻ መስጠት ጀመረች።

«ምነው እታለም፣ ሰላምታውም በግማሽ ሆነ?» አላት አንድ ረዳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ቀጥሎ ማንጎ መብላት ተወች። ከረፋዱ ጀምሮ ግድግዳው ጥላ ሥር ኩርምት ትላለች። ሙቀቱ ነው አልኩ። ያን ሰሞን በደብተሬ ስለ ብቸኝነቴ ግጥም እጽፍ ነበር፤ በዚህ ከተማ ሕመሜን የሚያይልኝ ሰው የለም የሚል። ስጽፍ እሷ በክንድ ርቀት ተቀምጣ ታየኝ ነበር።

ሽንኩርት የሚሸጡትን ጎረቤታችንን «እትዬ፣ አሟት ይሆን?» አልኳቸው።

«ኧረ ተው ልጄ፣ እሷ ሕመም የት ታውቅና! ያኔ የፈላ ዘይት እጇ ላይ ሲፈስ አልቅሳለች?»

እውነት ነው፣ አላለቀሰችም። ዘይቱ በፈሰሰ ማግስት ግን ቀኑን ሙሉ ከአልጋዋ አልወረደችም። ያን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አይቼም ኩርፊያ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«የት ጋ ነው የሚያምሽ?» አልኳት እትዬን በጠየቅሁ ዕለት ማታ።

«አያመኝም።»

ደግሜ ስጠይቃት እጇን ዘርግታ የእኔን ግራ ጉንጭ ያዘች። እንዳይሰበር የምትፈራው ነገር ይመስል፣ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ።

ጠዋት ክሊኒክ ወሰድኳት። የጥርስ ሐኪሟ አፏን አስከፍታ በመብራት አየች። ከግራ መንጋጋዋ ሥር መግል ቋጥሯል።

«ይሄ ብዙ ቆይቷል» አለች።

«ሕመም አይሰማትም ይላሉ።»

«ይሰማታል። እንደ አንተ ስለማትናገረው ነው። ምን ማድረግ እንደተወች ልብ ብትል ይነግርሃል።»

ጥርሱ ተነቀለ። በሳምንቱ ያንን ረዳት ሦስቴ ሳመችው። «ዛሬስ ሞላ» አለና መኪናው ላይ ተንጠለጠለ።

ግጥሙን አልጨረስኩትም። አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ጉንጬን አስጠጋላታለሁ። ግራውን ትስመኛለች፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ጉንጭ ይህን ያህል ይናገራል። ጉልበቷ፣ ሆዷ፣ ደረቷ በምን እንደሚናገሩ ግን ገና አላወቅሁም፤ ማንጎ እየደረደርኩ በዓይኔ እከተላታለሁ።