የጋቢናው ወንበር

ልጄ አሮጌዋን መኪና ሊቀይር ሲነሣ እኔን ያሳሰበኝ የጋቢናው ወንበር ነበር። ከቤታችን ከኢንግልዉድ የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ፌርፋክስ ለገበያም ሆነ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ከልጄ ጎን የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ምራቴ ሕፃኑን ይዛ ከኋላ ትሆናለች።

ባለፈው ዓመት የምራቴ እናት ከአዲስ አበባ መጡ። በመጀመሪያው እሑድ፣ ወግ ነውና፣ የጋቢናውን በር ከፍቼ “እርስዎ ይግቡ” አልኳቸው። “ኧረ በፍጹም” እንዲሉኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን “እግዜር ይስጥልኝ፣ ጉልበቴንም ያመኛል” ብለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ ቦታው የእሳቸው ሆነ።

መኪና መሸጫው ሁላችንም ሄድን። ልጄ የመረጠው ከኋላው ሰፊ የዕቃ ቦታ ያለው የቤተሰብ ስቴሽን ነው። ያልወሰነው ሞተሩን ነበር። ኃይለኛው ሞተር የሚመጣው ከባለ ሙሉ ዕቃው ጋር ብቻ ነው፦ ወንበሩ ቆዳ ነው፣ ይሞቃል፣ በኤሌክትሪክ ይንቀሳቀሳል፣ ለሰው የተመቸውንም ቦታ በቁጥር ያስታውሳል። የቁጥሩን ቁልፍ ሲጫኑ ወደዚያው ይመለሳል። በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄደው ሃይብሪዱ ግን ወንበሩ ተራ ጨርቅ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ብረት ስበው በእጅ ይገፉታል። ሻጩ ብረቱን ሲያሳይ ልብ ብዬ አየሁ።

ምራቴ እናቷን በቆዳው ላይ አስቀመጠቻቸውና ወንበሩን ለጉልበታቸው አስተካክላ ቁልፉን ተጫነች።

“በቃ እማምዬ፣ ቁጥር አንድ ያንቺ ናት።”

እኔ የሕፃኑን ጋሪ ይዤ ውጭ ቆሜ ነበር። በአሮጌዋ መኪና ጋቢና ለዓመታት ስቀመጥ ቁጥር የሰጠኝ አልነበረም።

ልጄ ሁለቱንም ነድቶ ተመለሰ። ኃይለኛውን እንደ ወደደው ከፊቱ ያስታውቃል። ቢሆንም “እማዬ፣ የቱ ይሻላል?” አለኝ።

“ሃይብሪዱ” አልኩት።

“እትዬ ደግሞ ስለ ሞተር መቼ አወቁ?” አለች ምራቴ እየሳቀች።

“ፌርፋክስ እስክንደርስ መንገዱ ሁሉ ቆም ሄድ ነው። ለቆመ መኪና ኃይለኛ ሞተር ምን ያደርግለታል? ድምፅ ከሌለው ሕፃኑም ይተኛበታል።”

ልጄ ሻጩም ያለው ይህንኑ እንደሆነ ነገራት። ምራቴ የእናቷን ጉልበት አነሣች። ሃይብሪዱ ግን ተገዛ።

በመጀመሪያው እሑድ የምራቴ እናት ቀድመውኝ ጋቢና ገቡ። ምራቴ የሕፃኑን መቀመጫ ከኋላ ስታስር ወንበሩን ወደ ፊት ገፍታው ስለነበር ጉልበታቸው ተጣበቀ። በወንበሩ ጎንና ጎን በእጃቸው ፈለጉ፤ የሚጫኑት ነገር የለም።

“ይህ በምን ይሆን የሚገፋው?” አሉኝ።

“እንጃ” አልኳቸው።

ቀስ ብለው ወረዱ። “እኔ ከኋላ ይሻለኛል። እርስዎ ይግቡ” አሉኝ።

“ኧረ በፍጹም” ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። “እግዜር ይስጥልኝ” ብዬ ገባሁ።

ለእኔም ጠቦኝ ነበር። ፌርፋክስ እስክንደርስ ግን ከሥሬ ያለውን ብረት አልነካሁትም።