ከአሥመራ ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ

ሚክዳድ ዐብዱልዓዚዝ ታይዋን ገበያ ውስጥ፣ ከጫማ ተራው ጀርባ፣ ቬንትሌተር ይጠግናል። ድሬዳዋ ላይ ይህ ሥራ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፤ ከመጋቢት ወዲህ ደግሞ ሰው ቬንትሌተሩን እንደታመመ ልጅ አቅፎ ይመጣል። ሚክዳድ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ዝምተኛ አይደለም፤ ከደንበኛው ጋር በአማርኛ ይጀምርና በሶማሊኛ ተከራክሮ በኦሮምኛ ይስማማል። ስለ እናቱ የጠየቁት እንደሆነ ግን "ደህና ናት" ብሎ ወደ ብሎኑ ይመለሳል። ደህና መሆኗን አያውቅም።

እናቱ መሪያም የተወለደችው እዚሁ ድሬዳዋ ነው። አባቷ ከከረን መጥቶ ምድር ባቡር የተቀጠረ ኤርትራዊ፣ እናቷ ደግሞ ከድሬዳዋ ገጠር፣ ከዋሂል፣ የመጣች ኦሮሞ ነበረች። መሪያም በእናቷ ቋንቋ አደገች፤ የሐረሪውን ልጅ ዐብዱልዓዚዝን አገባች፤ ከዋሂል የሚመጣ ቲማቲም እየተረከበች ቀፊራ ገበያ ትሸጥ ነበር። አሥመራን በዓይኗ አይታ አታውቅም።

በ1990 ክረምት፣ ሁለቱ አገሮች መዋጋት ከጀመሩ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እኩለ ቀን ላይ ሁለት የመንግሥት ሰዎች ቤታቸው መጡ። ሚክዳድ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር።

"መሪያም የምትባይው አንቺ ነሽ? የአባትሽ አገር የት ነው?" አሏት።

"አባቴ ሞቷል።"

"አገሩን ነው የጠየቅንሽ።"

ዐብዱልዓዚዝ ሰምቶ ከሥራ እየሮጠ ሲደርስ፣ እሷ ከብዙ ሰዎች ጋር አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣለች። "ልጁ ያንተ ነው፣ ይቀራል። እሷ ግን ወደ ኤርትራ ትሄዳለች" አሉት። ሚክዳድ መስኮቱ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ ያያታል። እናቱ እጇን አውጥታ ራሱን ነካችውና፣ "ከጥላው ሥር ሁለት ሳጥን ቲማቲም አለ። ለነገ አያድርም፤ ዛሬውኑ ሽጡት" አለችው። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ነገ የምትመለስ መስሏት ይሁን፣ ወይም የምትለው ጠፍቷት፣ ሚክዳድ እስከ ዛሬ አልገባውም። ቲማቲሙን ማንም አልሸጠውም።

ከዚያ ሃያ ዓመት አለፈ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ዘመዳቸው በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ አሥመራ ትደውልና፣ የሰማችውን ወደ ድሬዳዋ ታደርሳለች፤ "ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች" ትላቸዋለች። ዐብዱልዓዚዝ ሌላ ሚስት ሳያገባ በ2002 ሞተ። መሪያም መሞቱን የሰማችው ከአራት ወር በኋላ ነው።

በ2010 ክረምት ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ። የስልክ መስመሩ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ሚክዳድ ደወለ። አወሩ ማለት አይቻልም፤ እሷም እሱም ሲያለቅሱ ካርዱ አለቀ። ባለቤቱ ፋርሂያ ይህን አይታ፣ "ምን ትጠብቃለህ አቦ? ይኼ ነገር እንደተከፈተ ይቀራል ያለህ ማነው? ሂድ!" አለችው።

ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ በረረ። የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ አውሮፕላኑ መውረድ ጀመረ። አጠገቡ የተቀመጠውን ሽማግሌ፣ "ደረስን እንዴ? ይኼ ብቻ ነው?" አለው። ሽማግሌው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

የአሥመራ ብርድ ለድሬ ልጅ አይሆንም። ጠዋት ላይ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌዎች በብስክሌት ያልፋሉ፤ ጥሩንባ የሚነፋ የለም፤ ሰው መንገድ ላይ ሲያወራ እንኳ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ባጃጅ ሳያይ ስለዋለ ከተማዋ የበዓል ማግስት መሰለችው። ሲም ካርድ ልግዛ ብሎ አንድ ሱቅ ገባ። ባለ ሱቁ ሳቀበትና ጥርት ባለ አማርኛ፣ "እዚህ እንደ እናንተ አይደለም ወንድሜ፣ ሲም በፈቃድ ነው" አለው። አማርኛ የሚችለው ሰው ብዛት አስገረመው። እንደ እናቱ ከኢትዮጵያ ተባረው የገቡትን አምቼ ይሏቸዋል። ሃያ ዓመት ኖረውም አምቼ ናቸው።

እናቱ አክርያ በሚባለው ሰፈር፣ ሳሕራ ከምትባል ያላገባች የአባቷ ወገን ጋር ትኖራለች። ሲደርስ ሁለት ሹራብ ደራርባ በር ላይ ተቀምጣ አገኛት። በጣም አንሳለች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችውና፣ "ጠቁረሃል እኮ አንተ! ፀሐይ ላይ ነው የምትውለው?" አለችው።

ከድሬ ያመጣላትን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ፣ ጣቷን እየላሰች በላች። ከዚያ የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ጠየቀችው፦ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ የማን ቤት ፈረሰ። ከኦሮምኛው ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛው ወደ ሶማሊኛ እየዘለለች ስታወራ፣ ስትስቅ፣ ሳሕራ ቆማ ታያታለች። "እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም" አለችው በኋላ። የሳሕራ አማርኛ ከመሪያም የተማረችው ነው፤ ኦሮምኛ ግን አንድ ቃል አትችልም።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል፣ "እማ፣ ልውሰድሽ" አላት።

"ወረቀት አለው፣ ፈቃድ አለው። ጉልበቴም ትንሽ ይሻለው። በሚመጣው ዓመት ኢንሻአላህ" አለችው።

አመናት። በሚመጣው ዓመት ወረቀቱ አልወጣም። ቀጥሎ የኮሮና ዓመት መጣ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት። በስልክ ብቻ ቀሩ።

መጀመሪያ የተለወጠው ጥያቄዋ ነው። "ዐብዱልዓዚዝ ከሥራ ገባ?" ትለው ጀመር። "ሞቷል እማ" ሲላት እንደ አዲስ ታለቅሳለች፤ ስለዚህ "ገና አልገባም" ማለት ለመደ። ቀጥሎ ትግርኛው ጠፋባት፤ ከዚያ አማርኛው። የቀራት ከእናቷ የወረሰችው ኦሮምኛ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሕራ ደወለች።

"ሚክዳድ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል ብቻ ትላለች። ትቆጣኛለች። አልገባኝም።"

"ምን ትላለች?"

"ቆራ፣ ቆራ።"

"ብርድ ማለቷ ነው። በርዷታል፤ ብርድ ልብስ ደርቢላት።"

ሳሕራ፣ "ያ አላህ! እኔ እኮ ሞቋት ይሆናል ብዬ መስኮቱን ከፍቼላት ነበር" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚክዳድ አስተርጓሚ ሆነ። ሳሕራ ስልኩን ወደ መሪያም አፍ ታስጠጋለች፤ እሱ ሰምቶ ለሳሕራ በአማርኛ ይነግራታል። ቢሻን ካለች ውኃ ነው፤ ኮቱ ካለች ነይ ማለቷ ነው። አንዳንዴ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው፣ ቬንትሌተሩ ተበትኖ፣ እሱ አንድ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ፣ "ዋሂል ውሰዱኝ ነው የምትለው። ነገ እንሄዳለን ብያታለሁ" ሲል ይሰማል።

ለመስከረም 2017 ትኬት ቆረጠ። በነሐሴ መጨረሻ በረራው ቆመ። ትኬት ወደ ቆረጠበት ቢሮ ሄደ።

"መቼ ይጀምራል?" አላት ትኬት የምትቆርጠውን ልጅ።

"አልተነገረንም።"

"ማንን ልጠይቅ ታዲያ?"

ልጅቷ ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ወላሂ እኔም አላውቅም። ጠዋት ከመጣችሁት አንተ አሥረኛው ነህ" አለችው።

ቀጥታ መደወሉም እየተቆራረጠ ሄዶ ጭራሽ እምቢ አለው። የጅዳዋ ዘመድም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሳለች። የቀረው ሳሕራ በስልኳ የመሪያምን ድምፅ ቀድታ፣ ኢንተርኔት ቤት ሄዳ፣ መስመሩ ሲገኝ የምትልከው ነው። መልእክቱ ከተቀዳ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሆኖት ይደርሰዋል። አንዱን ከፍቶ አዳመጠ። እናቱ፣ "ጫማው ጠበበኝ፣ አውልቁልኝ፣ እግሬ ሞተ" ትላለች፤ ደጋግማ። ሳሕራ ከኋላ በትግርኛ ታባብላታለች። የተቀዳው ከአሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ሚክዳድ፣ "ሳሕራ፣ ጫማዋን አውልቂላት" ብሎ በድምፁ ላከ። ልኮ ሲያበቃ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ተቀመጠ።

በማግስቱ እናቱ ልትላቸው ትችላለች ያላቸውን ቃላት ደብተር ላይ ጻፈ፦ ኦሮምኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ። አርባ ገደማ ሆኑ። ራስ፣ ሆድ፣ አመመኝ፣ ራበኝ፣ በሩን ዝጊ፣ ብቻዬን አትተዪኝ። ፎቶ አንስቶ ላከው። ሳሕራ ማየቷን ስልኩ ያሳየው በዘጠነኛው ቀን ነው።

ባለፈው ጥር፣ በዚያ በኩል አሥመራ የሚገባበት መንገድ ይገኝ እንደሆነ ብሎ፣ በባቡር ጅቡቲ ሄደ። ድንበሩን ሲያልፉ ምድሩ ያው ነው፤ ድንጋዩም፣ ግራሩም፣ ፍየሉም። ከተማው ውስጥ ሰሌዳው በፈረንሳይኛ ሆነበት እንጂ በየሱቁ ሶማሊኛ ሲሰማ አገሩ ያለ መሰለው። አንድ የቪዛ ጉዳይ የሚያስጨርስ ቢሮ ገባ። ሰውየው ፓስፖርቱን ገልጦ አይቶ መለሰለት።

"በዚህ ፓስፖርት አሁን አሥመራ መግባት የሚሆን አይመስለኝም።"

"እናቴ ታማ ነው።"

"ይገባኛል ወንድም። እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሁሉ እናቱ ታማበት ነው" አለው፤ በክፋት አልነበረም።

ዐብዲራዛቅ የሚባል፣ ትውልዱ ድሬዳዋ የሆነ ባለ ሱቅ ግን ከራሱ ስልክ አሥመራ ደወለለት። ገባ። ሳሕራ ስልኩን መሪያም ጆሮ ላይ አደረገችላት።

"እማ" አላት በኦሮምኛ።

"አንተ ማነህ?"

"ሚክዳድ ነኝ፣ ልጅሽ።"

"ሚክዳድ ልጅ ነው" አለችው፣ ቆጣ ብላ። "ትምህርት ቤት ነው ያለው። አንተ ትልቅ ሰው ነህ።"

ሌላ ሊላት ሲል ቀጭን ሳል ሰማ፤ መስመሩም ተቋረጠ። ደግመው ቢሞክሩ አልገባም። በማግስቱ በባቡሩ ተመለሰ።

የመጨረሻው የድምፅ መልእክት በየካቲት መጨረሻ ደረሰው። ቃል የለውም፤ ትንፋሽ ብቻ ነው፣ ከሩቅ ደግሞ የሚያፏጭ ጀበና ወይም በር። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ዐብዲራዛቅ አርብ አርብ ይደውልለታል። "ይጠራል፤ የሚያነሳ የለም" ይለዋል።

በገበያው ደግሞ ወሬው ሁሉ ወደብ ሆኗል፤ ጦር ተጠጋ፣ ጦር ሸሸ። ባለፈው ሳምንት አንድ የሚያውቀው ደንበኛ ሊያጽናናው ብሎ፣ "አይዞህ አቦ፣ ውጊያው ከተጀመረ እኮ መንገዱ ይከፈታል። በመኪና ሄደህ ታመጣታለህ" አለው። ሚክዳድ ሰውየውን አየው። የተጠገነውን ቬንትሌተር አነሣና እጁ ላይ አስቀመጠለት።

በዚያው ሳምንት ከዙህር ሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ሸኽ ዐብዲናሲር ጋ ቀረበ።

"ሸኽ፣ ርቆ ለሞተ ሰው የሚሰገደው ሶላት፣ ለእናቴ ማሰገድ ይቻላል ወይ?"

"መሞቷን ነገሩህ?"

"አልነገሩኝም።"

"በሕይወት መኖሯንስ?"

"አላውቅም።"

"ለሕያው አይሰገድም ልጄ። እስክታውቅ ድረስ ዱዓ አድርግላት" አሉት።

ሳቢያን ሰፈር ቤቱ ሲገባ ፋርሂያ፣ "ምን አሉህ?" አለችው።

"ዱዓ አድርግላት አሉኝ።"

"ታዲያ አድርግላት።"

ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋ። አላህ ያሽራት ሊል ጀመረ፤ ሞታ ከሆነስ ብሎ ተወው። አላህ ነፍሷን ይማር ሊል አሰበ፤ በገዛ አፉ የገደላት መሰለው። እጁ እንደተዘረጋ ቆየ። ፋርሂያ በሩ ላይ ቆማ ስታየው ቆይታ፣ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።