ግድግዳ ውስጥ የቀረው አረንጓዴ ሽቦ

ኤሌክትሪክ ሠሪው ስድሳን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብሬከር አጥፍቶ፣ በቴስተር ሞክሮ፣ ያም አልበቃ ብሎት ደግሞ ካልሞከረ ሽቦ ስለማይነካ ሰፈሩ «ጠንቃቃው» ይለዋል። «ኮረንቲ ዘመድ አያውቅም» እያለ ሙያውን ለሴት ልጁ አስተምሯት፣ አሁን አብራው ትሠራለች።

አንድ ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ አስጠራቻቸው። ከአባቷ የወረሰችው ቤት ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ስፌት ቤት ልታደርጋት አስባ፣ ለመኪኖቹና ለካውያው አራት ሶኬት ፈልጋለች። ክፍሏ ያላት አንድ አሮጌ ሶኬት ብቻ ነው።

እሱ ዋናውን ብሬከር አጠፋ። ልጁ በቴስተር ሞክራ ሶኬቱን ፈታች፤ ከዚያ መሰላል ላይ ወጥታ ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን ከፈተች።

«አባዬ፣ የመሬት ሽቦው የትም አይደርስም። ሶኬቱ ላይ ታስሯል፣ እዚህ ግን ተቆርጦ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ላየው ሰው ያለ እንዲመስል።»

«እስኪ ውረጂ።»

«ይሄን የሠራ ሰው መታሰር ነበረበት።»

ወጥቶ አየና ክው አለ። ሽቦዎቹ የተጠመዘዙት ወደ ግራ ነው። እንደዚያ የሚጠመዝዝ አንድ ግራኝ ብቻ ያውቃል፤ እሱም ራሱ ነው። አካባቢው በፎቅ ስለተሞላ በሩን ሲያንኳኳ ቤቱን አላወቀውም ነበር። አሁን ሁሉም መጣለት። ከሠላሳ ዓመት በፊት፣ ያፈተለከ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርደው አረንጓዴው ሽቦ አለቀበት፤ ተቋራጩ ቤቱን ዛሬ ካላስረከብኩ ብሎ ያዋክበዋል። «ነገ መጥቼ እጨርሰዋለሁ» አለ። በነገታው ሌላ ቤት ሄደ።

ከመሰላሉ ወረደ።

«የኔ ሥራ ነው» አላት።

ልጁ ቀልድ መስሏት ልትስቅ ስትል ፊቱን አይታ ተወችው።

ልብስ ሰፊዋ ከበር ብቅ ብላ «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት?» አለች።

ሳይደብቅ ነገራት። እሷም፣ «እኛ እኮ ጥፋቱ የካውያው መስሎን ሦስት ካውያ ጥለናል» አለች። «አባቴማ ‹እንደ አማቴ ነው፣ በደህና ቀን ይናደፋል› ይል ነበር። በኋላ የላስቲክ ጫማ አድርገን መተኮስ ለመድን።»

እሱ መሳቅ አቃተው።

«አምና ግን ኮረንቲው እናቴን ይዟት ነበር። ስትወድቅ ገመዱን ጎትታ ከሶኬቱ ስለነቀለችው ተረፈች። መዳፏ አሁንም አይታጠፍም።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በለሰለሰ ድምፅ ነው የነገረችው።

ክፍሏን ሁለት ቀን ሠሩላት። ለብቻዋ መስመር ዘረጉ፤ ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ገጠሙ፤ ጓሮው ላይ የመዳብ ዘንግ ቀብረው አረንጓዴውን ሽቦ ከሱ አሰሩ። የማሰሩን ሥራ ልጁ ያዘችው። እሱ እያንዳንዱን ሶኬት አራት አራት ጊዜ ፈተሸ።

ከዚያ በዚያ ዘመን የሠራቸውን ቤቶች አስታውሶ ጻፈ፤ አሥራ አንድ ሆኑ። ከልጁ ጋር በየበሩ እያንኳኩ «ሳልጨርሰው የሄድኩት ሥራ ሊኖር ይችላል፣ ልየው» ይላል። ግማሹ ሌባ መስሎት በሩን ዘጋበት፤ ልጁ ነች እየለመነች ያስከፈተችው። ሦስቱ ቤት ሽቦው እንደዚያው ተቆርጦ አገኙት፣ አስተካከሉት። አንዱ ፈርሶ ባዶ ቦታ ሆኗል።

ከመጨረሻው ቤት ሲመለሱ ልጁ፣ «ያላስታወስከው ቤት ቢኖርስ?» አለችው።

«እሱን ነው የማላውቀው» አላት።