አባቴ ያመጡልኝ ዘይት

በአምበር ዙሪያ ላሙ ኮርማ የፈለገችበት ገበሬ መጀመሪያ የሚደውለው ለኔ ነው። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ትንሽ ለጉራም ነው። የኮርማው ዘር በብርድ የሚቀመጥበትን ከባድ ዕቃ ከሞተር ሳይክሌ ኋላ አስሬ፣ ጭቃ ሆነ አቧራ፣ እደርሳለሁ። ማታ ምልክት ያሳየች ላም ጠዋት ካልተደረሰላት አለፈች ማለት ነው፤ ባለቤቷ ሌላ ሦስት ሳምንት ይጠብቃል። ስለዚህ የአዳቃይ ሙያ ግማሹ በረት ውስጥ፣ ግማሹ መንገድ ላይ ነው። ሞተሬንም ለማንም አላስነካም። ዘይቷን ራሴ እቀይራለሁ፣ የፍሪሲዮን ገመዷን ራሴ አስተካክላለሁ፤ የሞተሩን ጉልበት ለጎማው የሚያስይዘው የፍሪሲዮን ሸራዋ ሲያልቅም ከፍቼ የቀየርኩት እኔው ነኝ።

አባቴ ግን ሥራዬን በስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው “ግብርና ቢሮ ናት” ይሉና ወሬ ይለውጣሉ። ሴት ልጃቸው እጇን እስከ ክንዷ ላም ውስጥ እያስገባች ትኖራለች ብሎ መናገር ለሳቸው ከባድ ነው። የመንደሩ ሰው በሙሉ ሲጠራኝ የአባቴ በረት ለኔ ዝግ ነበር። ይህ ያናድደኝ ነበር፤ ያሳዝነኝም ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ አምበር ያለው ቤቴ ጎራ አሉና ከጋቢያቸው ሥር አንድ ጋሎን የሞተር ዘይት አወጡ። ከመንደራቸው ጤፍ የሚጭነውን ሾፌር “ለራስህ መኪና የምታደርገው የቱን ነው?” ብለው ጠይቀው፣ ያንኑ ከማርቆስ አስመጥተውልኝ ኖሯል።

“ጠፍር ካልተቀባ ይደርቃል፤ ብረትም ያው ነው” አሉኝ። “ይቺ ነገር እንዳትጥልሽ።”

ስለ ሞተሬ ደግ ነገር ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። የአባት ስጦታ ደግሞ ተገልብጦ በጀርባው ምን እንደተጻፈ አይነበብም። አሮጌውን አፍስሼ በዚያው ቀን ቀየርኩት። ማርሹ ቅቤ ሆነ! ቀድሞ ከአንድ ወደ ሁለት ሲገባ ቋ ይል የነበረው፣ አሁን እግሬን ማስነካት ብቻ በቃው። አስፋልቱ ላይ እየበረርኩ አባዬ አወቁበት እያልኩ ስኮራ ሰነበትኩ።

ሳምንት ሳይሞላ፣ አመሻሽ ላይ፣ አባቴ ደወሉ።

“ላሚቱ ኮርማ ፈልጋለች። የጎረቤቱ ኮርማ ሁለት ጊዜ አጥቅቷት አልያዘችም። ጠዋት ከደረስሽ ድረሽ፤ ካልሆነ ያንኑ ኮርማ አስመጣለሁ።”

“እደርሳለሁ አባዬ።”

ከዚህ በላይ አልተነጋገርንም። አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ነው የሚጠሩት። ይህቺ ላም ካመለጠችኝ ሁለተኛ ጥሪ እንደሌለ ገብቶኛል።

ጠዋት ተነሳሁ። አስፋልቱን በሰላም ጨርሼ ወደ መንደሩ የሚወጣውን ጠጠር መንገድ ያዝኩ። አቀበቱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ሞተሩ ጮኸ፣ እኔ ግን ቆምኩ። ነዳጅ ስጨምር ጩኸቱ ጨመረ፤ ጎማው ለገመ። አህያ ጭነው ወደ አምበር የሚወርዱ ሁለት ሰዎች ቆመው አዩኝ። አንደኛው አዋቂ ነኝ ባይ ነው።

“ፍሪሲዮኗ ተበልታለች። ከሰው ቤት አስጠግተሻት በእግርሽ ሂጂ።”

“አልተበላችም።”

“በምን አወቅሽ?”

“ሸራዋን እኔ ነኝ የቀየርኩላት” አልኩት።

የፍሪሲዮኑን እጀታ ሳብ አደረግሁት። ገመዱ ልኩን ላላ ብሏል፣ አልተወጠረም። ሸራው ካልሆነ፣ ገመዱም ካልሆነ፣ የቀረው ዘይቱ ነው። የመኪና ፍሪሲዮን በደረቁ ነው የሚሠራው። የኔዋ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን ሞተሯ በሚጠጣው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ለመኪናው ተብሎ በጣም እንዲያሟልጭ የተሠራ ዘይት እዚያ ሲገባ ሸራዎቹ እርስ በርስ መያያዝ ያቅታቸዋል፤ ጉልበቱ ጎማው ጋ ሳይደርስ መሐል ላይ ይቀራል። ሜዳ ላይ አይታወቅም፤ አቀበት ነው የሚያጋልጠው። ደግሞ ያን ሰሞን ማርሹ ቅቤ ሆነ ብዬ ስመካ ነበር!

ያን ዕቃ ተሸክሞ በእግር መውጣት አይታሰብም። አዙሬ ቁልቁል ወደ አምበር ለቀቅኋት። መለዋወጫ የሚሸጡት ሽማግሌ ሃጂ ሱቃቸውን እየከፈቱ ነበር። የሞተር ሳይክል ዘይትና ማፍሰሻ ዕቃ ጠየቅኋቸው።

“በቅርቡ አልቀየርሽም?” አሉ።

“አባቴ የመኪና ዘይት አምጥተውልኝ።”

ሳቅ አሉ። “አባት ሲሰጥ የሚሻለውን ብሎ ነው” አሉና ሳፋ አቀበሉኝ።

ከበረንዳቸው ላይ ተንበርክኬ ትኩሱን ዘይት አፈሰስኩ፣ አዲሱን ሞላሁ። ሸራው የጠጣውን ወዲያው ስለማይተፋ በዝግታ እንድሄድ መከሩኝ። እኔም ማወቄን ነግሬያቸው፣ አመስግኜ ወጣሁ። ምክር የማልጠላ ሰው ነኝ፤ የማውቀውን ሲመክሩኝ ግን ዝም ማለት አልችልም።

አቀበቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ቆጥቤ ጀመርኩት። ሞተሩ ሊጮህ ሲል ነዳጁን እለቃለሁ፣ ሲይዝ ቀስ ብዬ እጨምራለሁ። መታጠፊያው ላይ ተንሸራተተ፤ ታገሥኩት። ከዚያ በላይ ደግሞ ተንሸራተተ። ወደ ጫፉ ስቃረብ ግን ያዘ፣ አልለቀቀም። ያን መንገድ እንዲያ ባለች ሞተር፣ ያን ዕቃ ጭኖ ሳያቆም የሚወጣ ካለ ይምጣና እንተያይ።

አባቴ ግቢ ስደርስ ላሟ ዋንዛው ሥር ታስራለች። ጎረቤታቸው ኮርማውን እየሳበ በበሩ እየገባ ነበር።

“ረፈደብሽ” አሉ አባቴ። “ምን አግኝቶሽ ነው?”

ጎማ ተነፈሰብኝ ብል ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። ስጦታቸውን በጎረቤት ፊት ማዋረድ ምን ማለት እንደሆነም አላጣሁትም። በሙያዬ ግን አልዋሽም።

“ዘይቱ ነው አባዬ። ያመጡልኝ።”

ጎረቤቱ ቀና ብሎ አያቸው። የአባቴ ፊት ጠቆረ።

“ጥሩ ነው የተባለ ዘይት ነው።”

“ጥሩ ነው። ለመኪና ነው እንጂ። ይቺ ውስጧ ተያይዞ የሚጎትት ነገር አላት፤ እሱን አሟለጨባት። ምራኑ ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር በሚያስርበት ላይ ቅቤ ለቅልቀው ቢያርሱ ምን ይሆናል?”

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው።

“ይፈታል። በሬው ይሄዳል፣ ሞፈሩ ይቀራል” አሉ።

“እንደሱ ሆንኩ። ሰው ተበልታለች፣ ተያት አለኝ። አይደለም ብዬ ተመልሼ ዘይቱን ቀይሬ መጣሁ።”

“ማን ቀየረልሽ?”

“ራሴ።”

ሞተሬን አዩዋት፤ በዘይት የጠቆሩትን እጆቼን አዩ። አባቴ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ።

“ኮርማህን መልሰው” አሉት። “አዳቃይዋ ልጄ ደርሳለች።”

እጄን እንድታጠብ ውኃ አፈሰሱልኝና፣ የላሟን ቀንድ ራሳቸው ያዙልኝ።