እምነትን በወንበር ያስተማርኩ ቀን

ወንጌል ሰባኪ ነኝ። ጂንካ ላይ ጉባኤውን «አሜን» ያሰኘች አንዲት ምሳሌ ነበረችኝ፤ እሷኑ ይዤ ሐመሮች አገር ዲመካ ሄድኩ።

«እምነት እንዲህ ነው፤ ይሰበር ይሆን ብላችሁ ሳትመረምሩ ትቀመጣላችሁ» አልኩና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ከዚያ ተነሥቼ፣ ፊት ለፊቴ ያሉትን የሐመር ሽማግሌ «አባባ፣ ይምጡ ይሞክሩት» አልኳቸው።

እሳቸው ግን የሐመር ወንድ ከእጁ ከማትለየው የእንጨት በርጩማ አልነሳ አሉ። ሰው ይስቃል።

«ለምን አያምኑትም?»

«ይቺን አባቴ ጠረበ። አባቴን አውቃለሁ» አሉ በርጩማቸውን መታ መታ አድርገው። «ያንን ማን ሠራ? አንተ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እሺ፣ እግዚአብሔርንስ ታውቀዋለህ? ወይስ እሱም ላይ ዝም ብለህ ነው የተቀመጥክ?»