በምስክርነቴ የዘለልኩት ሳሙና

በሽታዬ የጀመረው በማሳከክ ነው። ቀኝ እግሬ፣ ከጣቶቼ ከፍ ብሎ ያለው ቦታ፣ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሲደርስ ያሳክከኛል። ሦስተኛ ክፍልን ሒሳብ እያስተማርኩ በአንዱ ጫማ ሌላውን እግሬን አክካለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማቃጠል ይጨምርበታል። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲው ጠርዝ ቆዳዬ ላይ ታትሞ አገኘዋለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ግን እግሬ እንደ ድሮው ነው። ስለዚህ በጫማው አሳበብኩ። አንድ ቁጥር የሚበልጥ ገዛሁ፤ በዓመቱ ሌላ አንድ ቁጥር ጨመርኩ። ባለቤቴ ተስፋዬ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ቁም ነገሩንም ቀልዱንም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገረው። «በዚህ ዕድሜሽ እግርሽ ገና እያደገ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ይህን የምጽፈው ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፊ ሱሪ ለብሳችሁ እግራችሁን ለምትደብቁ ነው። እኔም ደብቄያለሁ። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። የተወለድኩት በዴሳ ከተማ አጠገብ ካለ የገበሬ መንደር ነው፤ ሰባተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ ቀዩን አፈር በባዶ እግሬ ረግጫለሁ። የአባቴ እህት ሁለቱም እግሮቿ አብጠው ነበር። ሰው አብሯት አይቀመጥም፤ በጠጣችበት ጣሳ አይጠጣም፤ ለትዳር የጠየቃትም አልነበረም። የዘር እርግማን ነው ይሉ ነበር። «ጫማው ነው» ስል አክስቴን እየሸሸሁ ነበር።

ከዚያ በላይ ደግሞ ሹመት ነበረኝ። እዚህ ሶዶ በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት መሪ ነበርኩ። ማስተማር የምወደው ስለ ትሕትና ነው። ጥሩ አድርጌ እንደማስተምረውም ለሰው ሳልናገር አላልፍም ነበር።

አንድ ረቡዕ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ተንገጫገጨ። እግሬ ቀላ። ብሽሽቴ ላይ እጢ አበጠ። አንሶላው ሲነካኝ ጮኽኩ። መቆም አልቻልኩም። ተስፋዬ አቅፎ ባጃጅ ውስጥ አስገብቶ ጤና ተቋም አደረሰኝ።

የመረመረኝ ሐኪም ወጣት ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ እግሬን በሁለት እጁ ያዘ። እንዲህ ያለ እግር በባዶ እጁ የሚነካ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። «ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል» አለኝ። «ሰው ዝሆኔ የሚለው ነው። በባዶ እግር ለዓመታት ሲረገጥ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በቆዳ ይገባና የሊምፍ ቧንቧዎችን ይጎዳል። አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ከዘር የሚመጣው ለአፈሩ ተጋላጭ መሆን ብቻ ነው።» ይድን እንደሆነ ጠየቅሁት። «ገና ጅምሩ ላይ ነዎት። በየቀኑ ከታጠቡ፣ ጫማና ካልሲ ካደረጉ ይቀንሳል። ካቆሙ ይመለሳል» አለኝ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል፣ ለኢንፌክሽኑ አንቲባዮቲክ አዘዘልኝ። «ካቆሙ ይመለሳል» ያለውን አስታውሱልኝ፤ እኔ ረስቼዋለሁና።

በሳምንት አንድ ቀን የእግር ሕሙማን በጤና ተቋሙ በረንዳ ላይ ተሰብስበው እግር አጠባበቅ ይማራሉ። ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ምሕረት ላከችኝ። በረንዳው ላይ ዘነበችን አገኘኋት። ዘነበች ገበያ ላይ ዝንጅብል ትሸጣለች፤ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ምእመን ናት፤ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። የእሷ እግር ከእኔ በብዙ የባሰ ነው። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ከአግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ቦርሳዬን ግን በሁለታችን መካከል አኖርኩ።

ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቀላልነቱም ነው የሚያስንቀው። እግርን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ነርሷ በለካችው መጠን በረኪና በተቀላቀለበት ውኃ መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በባንዴጅ ማሰር፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ። ጠዋትና ማታ ሳላዛንፍ አንድ ወር ተኩል አደረግሁት። እብጠቱ ጥቂት በጥቂት ወረደ።

ከዚያ የጾም ጸሎት ሳምንት መጣ። እኛ ሴቶች ሦስት ቀን በጸሎት አዳራሹ ፍራሽ አንጥፈን ሰነበትን። ሐኪሙ እግሬን ከፍ እንዳደርግ ስላዘዘኝ የሁሉንም ትራስ ሰብስቤ እግሬን ሰቀልኩት፤ ሦስቱንም ቀን እግሬ ከራሴ በላይ ሆኖ ነው የጸለይኩት። በአራተኛው ቀን የቁርጭምጭሚቴን አጥንት አየሁት። ለዓመታት ያላየሁት አጥንት! አለቀስኩ፤ ምስጋናዬም የእውነት ነበር። ጥፋቱ የመጣው እሁድ ነው።

እሁድ በምስክርነት ሰዓት መድረክ ላይ ወጣሁ። እግሬ እንዴት እንዳበጠ፣ እንዴት እንደጸለይን፣ በአራተኛው ቀን ምን እንዳየሁ ተናገርኩ። ካልሲዬን አውልቄ አሳየሁ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ያበላሸኝ ያላልኩት ነው። ሐኪሙን ዘለልኩት። ሲስተር ምሕረትን ዘለልኳት። አንድ ወር ተኩል ሙሉ የታጠብኩበትን ሳሙና ዘለልኩት። ሳሙናው ከገባ ታሪኩ የሚያንስ መሰለኝ። እግዚአብሔር በሳሙና መሥራት ያሳፍረው ይመስል እኔ አፈርኩለት።

«ተፈወስኩ» ካልኩ በኋላ ደግሞ መታጠብ አለማመን ሆነብኝ። እግሬን የማጥብበት ሳፋ ወደ ማድ ቤት ሄዶ የድንችና ቦይና የምንለው የጎደሬ ማጠቢያ ሆነ። ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የመመስከር ግብዣ መጣልኝ፤ አንዱን ሳምንት አረካ፣ ሌላውን በዴሳ ሄጄ መሰከርኩ። ታሪኩ በሄድኩበት ሁሉ ትንሽ እያማረበት ይሄድ ነበር። እግሬም እንዲሁ ትንሽ በትንሽ ይወፍር ነበር። ከተስፋዬ ጋር ሻንቶ ስንደርስ ቀኙ ጫማዬ ውስጥ ተወጥሮ ነበር። እዚያ ያሉ አንዲት እናት እግሬን ለማየት ጠየቁ። የግራውን አሳየኋቸው። ግራው ጎበዝ ነው፤ ያን ጊዜ እምብዛም አላበጠም ነበር። እናትየው እልል አሉ።

በሚኒባስ ስንመለስ ተስፋዬ በዚያው በለመደ ድምፁ፣ «እግርሽስ ቀንሶ ነበር፤ አሁን ሌላ ነገር ነው እያበጠብሽ ያለው» አለኝ።

በሳምንቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ከፊተኛው የባሰ። ሁለት ቀን ቃዠሁ። ቆዳዬ ተሰነጠቀ። ከስንጥቁ ውኃ ወጣ። መጸለይ ፈለግሁ፤ አፈርኩ።

ጤና ተቋሙ ስሄድ ሲስተር ምሕረት አልተቆጣችኝም። ቁስሌን እየጠረገች፣ ዘነበችን ካየኋት ጠየቀችኝ። አላየኋትም። «ከምስክርነትዎ ወዲህ አልመጣችም» አለችኝ። «ነይ ብዬ በላክሁባት ጊዜ፣ የእኛ መሪ ሳትታጠብ በእምነት ዳነች፣ እኔስ ለምን እታጠባለሁ ብላ መለሰችኝ።»

እውነት እላችኋለሁ፣ ከትኩሳቱ ሁሉ ያ ቃል በለጠብኝ።

ትኩሳቱ ሲበርድልኝ በተስፋዬ ተደግፌ ቤቷ ሄድኩ። ዘነበች ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከእህቷ ልጅ ጋር ትኖራለች። በሩን ስንከፍት ሽታው ተቀበለን። ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። እግሮቿ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልለዋል። ትኩሳቷ ከሩቅ ይሰማል። ስታየኝ ልትነሳ ሞከረች፤ አቃታት። እጄን ያዘችና በቀስታ ጠየቀችኝ።

«እህቴ፣ እኔ እንደ አንቺ ጾምኩ፣ እንደ አንቺ ጸለይኩ። እምነቴ ምን ጎደለች? አንቺ ምን ብለሽ ነው የጸለይሽ?»

ተስፋዬን ዞሬ አየሁት፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«ታጥቤ ነበር» አልኳት። «አንድ ወር ተኩል ጠዋትና ማታ ታጥቤያለሁ። እግሬንም ሰቅዬ ነው የተኛሁት። እምነትሽ አልጎደለም። የጎደለው የእኔ ንግግር ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?» አለችኝ።

በዚያው ሰዓት በባጃጅ ወሰድናት። ሐኪሙ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ እንዳይገባ ሰግቶ አስተኛት። ዐሥር ቀን ተኛች። ዐሥሩንም ቀን እየተመላለስኩ አስታመምኳት። እግሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠብኩት እዚያ አልጋ ላይ ነው። ስለ እግር ማጠብ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ በእጄ ግን ከራሴ በስተቀር የማንንም እግር አጥቤ አላውቅም ነበር። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ። ዓይኗን ገልጣ እጄን ስትከታተል ቆየችና፣ «በጣቶቹ መካከል ረሳሽ። ትሕትና ታስተምሪያለሽ፣ ይህን አታውቂም?» አለችኝ። እንደምትድን ያን ጊዜ አወቅሁ።

የቀረው መድረኩ ነበር። ለሽማግሌዎች ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምስክርነቴን እዚያው በተናገርኩበት ቦታ ላስተካክል ፈለግሁ። አንድ ሽማግሌ አጥብቀው ተቃወሙ። ለአንቺም ውርደት ነው፣ ሰውም ይሰናከላል፣ በዝምታ ይለፍ አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲያሸንፉኝ ግማሽ ልቤ ተመኝቶ ነበር። መጋቢያችን ግን፣ «ስትመሰክሪ መድረኩን ሰጥተንሻል። አሁን ብንከለክልሽ የፈለግነው እልልታውን ብቻ ነበር ማለት ነው» አሉኝ።

እሁድ ወጣሁ። ቀኙን እግሬን አሳየሁ። የዘለልኩትን ሁሉ ተናገርኩ። በሻንቶ ያሳየሁት ግራውን እንደነበርም ተናገርኩ። ዘነበች ልትሞት እንደነበር ተናገርኩ። እግዚአብሔር የሰጠኝን መድኃኒት ደብቄ ክብሩን ለራሴ እንደወሰድኩ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ማንም እልል አላለም። ወረድኩ። ወንበሬ ከመቼውም ይልቅ ራቀኝ።

ጉባኤው ሲበተን ከኋላ ባለው የውኃ ቧንቧ አጠገብ አራት ሰዎች ሲጠብቁኝ አገኘሁ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። አራተኛው እኒያው አጥብቀው የተቃወሙት ሽማግሌ ናቸው። ግራ ቀኝ አይተው ሱሪያቸውን ከፍ አደረጉና፣ «ይኼስ እሱ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እሱ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ደብቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፉ ሥር እንሰበሰባለን፤ ሲስተር ምሕረት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እየመጣች አስተማረችን፣ አሁን ግን አለቃችን ዘነበች ናት፣ ሳሙና ያልያዘውን ትገሥጻለች፣ ጣቱን በደንብ ያላደረቀውን እንደ ተማሪ መልሳ ታስቀምጣለች፣ ሽማግሌውንም ቢሆን አትምርም፤ እየታጠብን እንዘምራለን፣ እንተራረባለን፣ ሲያልቅም የአገራችንን ምግብ ሙቹዋን በሚያቃጥለው ዳጣ አጥቅሰን እንበላለን። የእግሬ እብጠት በወራት ውስጥ ወርዶ ሰፊ ጫማ ሳያስፈልገኝ ቀኑን ሙሉ ቆሜ አስተምራለሁ፤ የዘነበች እግር እንደ እኔ አይቀንስም፣ ግን ቁስሉ ደርቋል፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ጫማ ሰፊው በልኳ በሠራላት ጫማ ገበያ ትወጣለች። አረካም በዴሳም ተመልሼ ሄጄ ታሪኩን ከነሳሙናው ነገርኳቸው። በሻንቶ ሁለቱንም እግሬን አሳየሁ፤ እኒያ እናት አስተያይተው አዩና፣ «ያኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ።

እግራችሁ ለሚያሳክካችሁ፣ ማታ አብጦ ጠዋት ለሚጎድልላችሁ የምለው ይኸው ነው። ጫማ አትቀይሩ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ልጆቻችሁን በባዶ እግራቸው አትልቀቁ። ጸልዩ፤ እኔ ከጸሎት አልጎደልኩም፣ ዛሬም ሳሙናውን ሳነሳ እጸልያለሁ። ለእግዚአብሔር ክብር መኖር መድረክ ላይ የሚሆን ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ማለዳ ማንም ሳያየኝ እግሬን በደንብ ማድረቅም ከዚያው ይቆጠራል ብዬ አምናለሁ። የተሻላችሁ እንደሆነም ስትመሰክሩ ምንም አትዝለሉ፤ ከኋላ ወንበር ላይ ቃላችሁን አምኖ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አለ። ተንበርክኮ እግሬን የያዘውን ሐኪም፣ ያልተቆጣችኝን ነርስ፣ ከቀልዱ ጋር እውነቱን የነገረኝን ተስፋዬን አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ ጌታን፣ እኔን ስላሻለኝ፣ ከእኔም ይልቅ ዘነበችን ስላተረፈልኝ።

ባለፈው እሁድ ዘነበች ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣች። ቀስ ብላ ነው የወጣችው፤ ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጌታ ይመስገን» አለች። «እግሬ አልዳነችም። ግን ሞት ቀርቦኝ ነበር፣ አልሞትኩም። በየቀኑ እታጠባለሁ። ይህች እህቴ መጀመሪያ ዋሽታኝ ነበር፣ በኋላ አስታማኛለች። ይቅር ብያታለሁ።»

ጉባኤው ሳቀ፤ እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ዘነበች ከመድረኩ ወርዳ እኔ ወደተቀመጥኩበት መጣችና ማይኩን ዘረጋችልኝ፤ የምጨምረው ካለ እንድጨምር። የምጨምረው አልነበረኝም።